«ማን» የማይባልበት ቤት

ልጄ ብርቄ ነርስነት መማር ከጀመረች ወዲህ ግድግዳችን ላይ የትምህርት ቤቷ የሚያዳምጥ ጆሮ ተተክሏል። ሰው ስንወቅስ ወይም ስናመሰግን ይጮሃል፤ ከእሷም ማርክ ይቀነሳል። የሚያጠፋም የሚያለማም ሰው ሳይሆን አሠራሩ ነው እየተባሉ ነው የሚማሩት።

እኔ ደግሞ ሰርጌ ላይ «ሰባተኛ ክፍል የወደቀ» ብሎ የሰደበኝን አማቼን ሳልረግም ውዬ አላውቅም።

«አባዬ፣ ዛሬ አንዴ ከጮኸ ተባረርኩ። አደራህን!»

«እሺ፣ ሰርጌ ላይ የሰደበኝም አሠራሩ ነው!» ስላት በሳቅ ፈረሰች።

ለምሳ ሽሮ ሠርታ አቀረበችልኝ። ቁርጥ የሟች እናቷን ሽሮ! ፊቴ ቆማ አፍ አፌን ታየኛለች። «እጅሽ ይባረክ» ልል ስል ጆሮው ትዝ አለኝ።

«አሠራሩ ይባረክ» አልኳት።

ጠበቅኩ። «አሜን» አላለችም።