ቀለበት መንገድ አልወጣም

ቅድስት ባሏን የምትጨቀጭቀው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያች ሞተር።

ፍሬአብ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ሰው ነው። ሞተሯ መቶ ሲሲ ናት፤ ጉሮሮዋን ቢያንቋት ከሰባ አታልፍም፤ ዳገት ላይማ ጭራሽ ታቃስታለች። በካዛንቺስና በኡራኤል መኪና ለመኪና ብትሽሎከለክ ማንም አይጠላም። እሱ ግን በቸኮለ ቁጥር ቀለበት መንገድ ይወጣና ከሲኖትራክ ጋር ይጋፋል። ሲኖትራክ በጎኑ ሲያልፍ ንፋሱ ብቻ ሞተሯን አንድ ክንድ ወደ ዳር እንደሚገፋት የነገራት ራሱ ነው፤ ያውም እየሳቀ። አይ ወንድ!

ባለፈው እሑድ አስማለችው።

«በእኔ አይደለም፤ በእኔ ስንቴ ምለህ ስንቴ አፍርሰሃል» አለችው። «በእናቴ ማል።»

ፍሬአብ ወላጆቹን ያጣው በልጅነቱ ነው። አማቱን እማማ ጀማነሽን እንደ ወለደችው እናት ነው የሚያያቸው፤ ቃሊቲ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ከልጃቸው ይልቅ ደጃቸውን የሚረግጠው እሱ ነው። ስማቸው ሲነሳ ፊቱ ቅጭም አለ።

«በእሳቸውማ አታስምዪኝ።»

«እንግዲያው ልትዋሸኝ ነዋ!»

እጁን አነሳና «እማማ ጀማነሽን ይንሳኝ፣ ቀለበት መንገድ አልወጣም» አለ። ቅድስት ለመጀመሪያ ጊዜ አመነችው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ካዛንቺስ ቢሮዋ ተቀምጣ ሳለች ጎረቤቷ አፍራህ ደወለችላት።

«ቅዱ፣ ባልሽን አየሁት እኮ! ታክሲ ውስጥ ሆኜ። ሳሪስ አቦ አካባቢ፣ ቀለበት መንገዱ ላይ፣ በሁለት ከባድ መኪና መሃል ይበራል። ወላሂ፣ ሞተሯ የምትበታተን ነው የመሰለኝ።»

ደሟ ፈላ። ደወለችለት፤ ጠራ፣ አላነሳም። ደግማ ደወለች፤ ዘጋባት። ሦስተኛው ላይ ስልኩ ጭራሽ ጠፋ።

«ቆይ ይምጣ!» አለች ለብቻዋ። እሑድ ምሎ ማክሰኞ! ሦስት ቀን እንኳን አልሞላውም። ከንዴቷ ብዛት ሥራው አልያዝ አላት፤ እናቷ እንደ ወትሮው ጠዋት ደውለው ቁርስ በልተሻል ወይ ብለው አለመጠየቃቸውን እንኳ ልብ አላለችም።

ስድስት ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረባዋ ጀሚላ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምሳ ልጋብዝሽ።»

ጀሚላ በአራት ዓመት ውስጥ ማኪያቶ ጋብዛ አታውቅም። ምሳው መጣ። «በቃ ትንሽ ጉረሺ፣ ባዶ ሆድሽን አትሁኚ» ትላለች እንጂ ራሷ እጇን አልሰደደችም። ቅድስት ቀና ብላ ስታያት ዓይኗን አሸሸች።

ቀጥሎ አለቃቸው አቶ መብርሃቶም መጡ። ለግማሽ ቀን ፈቃድ ሰው የሚያንከራትቱት ሰውዬ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ቅድስት፣ ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ጀሚላ ታድርስሽ» አሉ። ድምፃቸው እንዲህ ለስላሳ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰውየውን ያበሉታል፣ በሰበብ ወደ ቤቱ ይመልሱታል፣ ሰው ይሰበሰባል፤ ከዚያ ነው የሚነገረው። ቅድስት ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ እሷም በተራዋ ለሰው እንዲህ አድርጋለች።

«ጀሚላ፣ ፍሬአብ ምን ሆነ?»

«ፍሬአብማ ደህና ነው።»

«ደህና ነው!» አለች ቅድስት። እሷም ያኔ ለሰው መርዶ ይዛ ስትጠየቅ «ደህና ነው» ነበር ያለችው።

ታክሲው ኡራኤል ሲደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። ሞተረኞች በግራ በቀኝ እየተሽሎከለኩ ያልፋሉ፤ ሁሉም ከኋላቸው ፍሬአብን ይመስላሉ። ለእያንዳንዱ አንገቷን ሰገግ ታደርጋለች። አይደለም። ይኸኛውም አይደለም። ኦሎምፒያ ላይ መኪናው ጭራሽ ቆመ።

«ወንድሜ፣ አትነዳም እንዴ?» ብላ ሾፌሩ ላይ ጮኸች።

«እህቴ፣ በላያቸው ልብረር?»

«ውሸታም!» አለች፤ ለሾፌሩ አልነበረም። «በእናቴ አስምዬው! ሰው በዚያች ፌንጣ ሞተር ከሲኖትራክ ጋር ይጋፋል? ምን ነበር ቢዘገይ? ማን ይሞትበታል?» ጀሚላ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ቡልጋሪያ ደርሰው ወደ ሰፈሯ ሲገቡ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበር ተደርድሯል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የዕድራቸው ዳኛ አቶ ወልደአረጋይ ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ተነሱ።

ከዚህ በላይ ማን ይንገራት?

«ፍሬአብዬ!» ብላ ደረቷን ደቃች። «ነግሬህ ነበር እኮ! ለምኜህ ነበር እኮ! ያቺ ሞተር በላችህ! ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ቤቴን!»

ሴቶቹ ሊይዟት ተሯሯጡ። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዷ «ኧረ ቅድስት፣ ኧረ ተይ፣ እሱ አይደለም...» ስትል፣ ከቤት ውስጥ ፍሬአብ ወጣ። በእግሩ። ሙሉ ሰው።

ቅድስት ዘላ ተጠመጠመችበት፤ ሳመችው፣ ደረቱን በቡጢ መታችው፣ እንደገና ሳመችው።

«አለህ? አለህ እንዴ? አንተ ውሸታም! ከፈለግህ ሰማይ ላይ ውጣ፣ እንኳን ተረፍክልኝ!» እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ እልል አለች።

እልልታዋን የተቀበላት ሰው አልነበረም። አንድ ሰው እንኳን አልሳቀም።

ፍሬአብ ሁለት እጇን ያዘ። «ቅዱዬ፣ ጠዋት የምበረው እማማ ጀማነሽ ጋ፣ ድንገት ታመሙ ተብዬ ነበር፤ አልደረስኩላቸውም።»