የገለባው ጥጃ

ዝናብ ከጠፋ ወዲህ ከቸኮለ ከብቶች የተረፈችው ቦራ ብቻ ነበረች። ጥጃዋ ሲሞት፣ ወተት እንዳትከለክል ብሎ ቆዳውን ከነእግሩ ገፎ፣ ገለባ ጠቅጥቆ አጠገቧ አቆመላት። እየላሰችው ትታለብ ነበር። ሰሞኑን ግን ጡቷ ባዶ ሆነ።

ያን ቀን ቸኮለ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ሲደርቅ ውሎ ማታ ገባ። ከቦራ ጡት ዛሬም ጠብ የሚል ጠፋ።

«ደብቀሽ የምታልቢያት አንቺ ነሽ!» ሲል ሚስቱ ገላነሽ ላይ ጮኸ።

«ልጄ በረሃብ እያለቀሰ ለማን አልባለሁ? ምነው ቸኮለ!»

«እንግዲያው ይህን ጥጃ ቀድጄ ገለባውን ቦራ ትብላ!»

ጥጃውን አንገቱን በገመድ አስሮ ወደ ደጅ ጎተተው። ጧት በአንድ እጁ ያነሳው ነበር፤ አሁን ከበደው። ዘወር ቢል፣ የጥጃው አፍ የወተት አረፋ ይዟል። ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ሳበው። ጥጃው አራት እግሩን ተክሎ እሱን ወደ እናቱ ሳበው።