የክርስትና ስሟ

«እዚህ የምታወሪው ከዚህ ክፍል አይወጣም፤» አለች አማካሪዋ። ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጎተተች። ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ድረስ ይዛት የመጣችው አያቷ ግን መታገሥ አልቻለችም።

«ንገሪያት እንጂ የኔ ልጅ፣ እኔ አለሁ አይደል?»

«እምዬ ትውጣ።»

«እኔ ደግሞ ለማን አወራብሻለሁ?»

«ለማኅበርተኞችሽ ነግረሽ የለ?»

«እንዲጸልዩልሽ ነዋ።»

«ጸለዩ። በማግስቱ ልጆቻቸው ክፍል ውስጥ ከበውኝ፣ ‹እስቲ የቆረጥሽውን አሳዪን› አሉኝ።»

አያቷ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ልጅቷ እያለቀሰች ማውራት ስትጀምር ሰማች፤ ከፋሲካ ወዲህ ቤት ውስጥ እንዲህ አውርታ አታውቅም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ፣ ከአንዲት የማታውቃት ሴት አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጅቷ ምን ሆና ነው፣ እማማ?» አለቻት ሴትየዋ በሐዘኔታ።

አያትየው ከንፈሯን ነክሳ የተዘጋውን በር አየች። የልጅቷ ለቅሶ አሁንም ይሰማል። ወደ ሴትየዋ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ለሰው እንዳትነግሪብኝ እንጂ፣ እጇን ትቆርጣለች። በጸሎትሽ አስቢያት፤ የክርስትና ስሟ ወለተሐና ነው።»