መጨረሻው የቀረ ፊልም

ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ካርቱም ውስጥ የጀማሪ ዳይሬክተሮች የመጀመሪያ ሥራ የሚታይበት የፊልም ፌስቲቫል ተዘጋጀ። ከተመረጡት ፊልሞች አንዱ የሂሻም ነበር። ፊልሙ ስለ ስንቅነሽ ነው።

ስንቅነሽ አል-ሳሃፋ ሰፈር ባለው የሂሻም እናት ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ሂሻምን አዝላ አሳድጋዋለች፤ አማርኛውንም የለቀመው ከእሷ ነው። በዚያ ዓመት ካሜራ ይዞ ሲከተላት ከረመ። ልብስ ስትተኩስ፣ ሰሜን ወርቅ ቁፋሮ ከሄደው ባሏ ከበየነ ጋር በስልክ ስትስቅ ቀረጻት። የአገሯን ልማድም፣ ሠርጉን፣ ክርስትናውን፣ ለቅሶውን፣ አንድ በአንድ ጠየቃት። ሁሉንም በደስታ ነገረችው።

ዳኞቹ ፊልሙን አስቀድመው አይተው፣ «ጥሩ ነው፤ ግን መጨረሻ የለውም» አሉት። መጨረሻ ካገኘለት ካይሮ ለሚደረገው ፌስቲቫል ሊልኩለት ቃል ገቡ።

«ምን ያሳስብሃል?» አለችው ስንቅነሽ። «በየነ ለፌስቲቫሉ እመጣለሁ ብሎ ምሎልኛል። እዚያው ስንገናኝ ቅረጸንና ይኸው መጨረሻ!»

«ኢንሻአላህ» አለ ሂሻም።

ከዚያ የበየነ ስልክ ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። በዚህ መሃል እዚያው ቁፋሮው ቦታ ሻይ የምትሸጠው ሜሮን ሐበሾች ወደሚበዙበት የካርቱም ሰፈር፣ ወደ ዴም ተመለሰች። ስንቅነሽ ወሬውን እንደሰማች በሪክሻ፣ በባለ ሦስት እግሯ ታክሲ፣ በረረች።

«አየሽው?»

«ኔትወርክ እኮ የለም እዚያ» አለች ሜሮን፣ መሬት መሬት እያየች።

«ስለ ኔትወርክ መች ጠየቅሁሽ? ሴት ይዟል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ይወቅ! ሻይ ብቻ ነው ያጠጣሽው?»

ሜሮን አለቀሰች። ስንቅነሽ የፈለገችውን መልስ ያገኘች መሰላትና በሩን በላይዋ ላይ ወርውራው ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዴም ሴቶች እሷ ስትገባ ወሬያቸውን ይቆርጡ ጀመር። አንድ ቀን ሂሻምን ራሱን የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጥዑመልሳን ሱቅ አገኘችው። እንዳዩዋት ሁለቱም ዝም አሉ።

«ለፊልሙ እየጋበዝኳቸው ነው» አለ ሂሻም። «ሰዎችሽ ካልመጡ አይደምቅም።»

በፌስቲቫሉ ቀን ስንቅነሽ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፤ ሹሩባ ተሠራች። ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ለበየነ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ሲኒማ ቤት ረግጠው የማያውቁት ጋሽ ጥዑመልሳን ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ወንድሟ ማዘንጊያም ሳይታሰብ ከሩቅ ከተማ፣ ከገዳሪፍ ከች አለ።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?»

«ፊልምሽ ይለፈኝ እንዴ?» አለና እቅፍ አድርጎ ሳማት። አቅፏት ቆየ።

«ልቀቀኝ እንጂ፣ ፀጉሬን!»

ሴቶቹ ከኋላዋ ተደርድረዋል። ሜሮንም አለች። ዓይን አውጣ፣ አለች ስንቅነሽ በልቧ። በሰው ፊት ሊያዋርዷት እንደሆነ አልተጠራጠረችም። ግን በየነ በዚያ በር ብቻ ይግባ፤ የመጣው ይምጣ፣ ይቅር ትለዋለች።

መብራት ጠፋ። ስንቅነሽ ግድግዳውን ሞልታ ታየች። ሰው ሳቀላት፤ አጨበጨበላት። በመጨረሻ በስልኩ፣ «ና ብቻ! እኔ በር በሩን ነው የማየው» ስትል ሸራው ጨለመ።

መብራት በራ።

ስንቅነሽ ዞር ብላ በሩን አየች። ማንም የለም። ሜሮን ተነስታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። ሌሎቹም ተነሱና አሠሩ። ሊጨፍሩልኝ ነው እንዴ፣ ብላ ሳታስበው ፈገግ አለች።

ሂሻም እግሯ ሥር ተንበርክኮ ካሜራውን ፊቷ ላይ አነጣጠረ፤ ከእሷ በለቀመው አማርኛም «ያላ፣ በሉ ጋሼ» አለ፣ «መርዶውን አሁን ንገሯት።»