የሰባት ሰዓት ተኩል በረራ

ማናለብሽ ወረቀቱን ያገኘችው የባሏን ጃኬት ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው። ፊደል ቆጥራለች እንጂ ብዙም አታነብም፤ ይህን ግን በጣቷ እየተከተለች ጨረሰችው። «አዲስ አበባ – አምስተርዳም፤ 5700 ኪሎ ሜትር፤ ሰባት ሰዓት ተኩል።» ከሥሩ የስምንት ሰው ስም፣ በየስሙ ፊት ሰዓት። ሁሉም የቸርቻቸው ሰዎች ናቸው። አንደኛው አሸናፊ፣ ባሏ። የሷ ስም የለም።

ሳያት የምትባለዋ ልትመጣ ነው። ሌላ ማን ይሆናል? አሸናፊ ከሷ በፊት አዲስ አበባ ላይ ያጫት ሴት ናት።

ቁም ሣጥኑን ስትበረብር ደግሞ ከጥግ አዲስ የሴት ካፖርት ወጣ። ለብሳው በመስታወት አየች፤ ዋጣት።

«ድብልብል!» አለች። ትንሽ ደስ አላት።

ደውላ የምታለቅስለት ሰው እንኳ አጣች። እናቷ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ቪዛ ሁለቴ ተከልክላ የልጅ ልጇን ሳታቅፈው አራት ወር ሞላው። እዚህ ሆላንድ፣ ራይስዋይክ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ማናለብሽ ያላት ሕፃኑ ቃልአብ ብቻ ነው።

ከወረቀቱ ላይ ሃዊን መርጣ ደወለች።

«ሃዊ፣ የምትመጣው ማን ናት?»

ሃዊ አዛጋች። «ሌሊት ተራዬ ስለነበር አልተኛሁም እኮ። ማን ነገረሽ?»

«የምን ተራ?»

«ውይ አፌ! ተይው የኔ እናት፣ ዛሬውኑ ታዪዋለሽ።» ስቃ ዘጋች።

ሳቁባት። ሁሉም ያውቃሉ።

አሸናፊ ሻወር ቤት ሆኖ ያፏጫል። ስልኩ ቻርጀር ላይ ነው፤ ገና መሙላት መጀመሩ ነበር። ነቀለችውና በቦታው የጡጦ ማሞቂያውን ሰካች። ይድረቅበት!

ለባብሶ ትልቅ ፌስታል አንጠልጥሎ ወጣ።

«ወዴት ነው?»

«ሥራ።»

«ቅዳሜ?»

«ድንገት ተጠራሁ። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ሂድ! በዚያው ቅር!»

ሳቀ። ስልኩን ሳያይ ኪሱ ከትቶ በሩን ዘጋ።

እኩለ ቀን ላይ የማታውቀው ቁጥር ደወለ። ሰውየው በሆላንድኛ፣ ቀስ እያለ ነው የሚያወራው። ከስኪፖል አውሮፕላን ጣቢያ፣ የድንበር ፖሊስ ነው። ቃልአብ ጆሮዋ ሥር ያለቅሳል።

«ወይዘሮ፣ የባለቤትዎ ስልክ ዝግ ነው። የግብዣ ቅጹ ላይ ሁለተኛው ቁጥር የእርስዎ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት እዚህ አለች። ሦስት ወር እናንተ ቤት አርፋለሁ ትላለች። ስሟ—»

ሦስት ወር! ቤቷ ውስጥ!

«ስሟን አልጠየቅሁህም!»

«ያውቋታል ወይ?»

«ኔይ! አላውቃትም!»

«ቤታችሁ ትቀበሏታላችሁ?»

«ኔይ! ኔይ! በመጣችበት ትመለስ!»

ሰውየው እርግጠኛ መሆኗን ደግሞ ጠየቃት። ደግማ ነገረችው። አመስግኖ ዘጋ።

ማናለብሽ ሶፋው ላይ ተዘርጥጣ ልጇን አጠባች። ሰባት ሰዓት ተኩል መጣሽ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ትመለሻለሽ፤ የሰው ትዳር መመኘት እንዲህ ነው! ከጧት ጀምሮ አልወርድ ያለው ወተት አሁን ወረደላት።

አመሻሽ ላይ አሸናፊ ብቻውን ገባ። ካፖርቱ ክንዱ ላይ ታጥፏል።

«የታለች ታዲያ?» አለችው፣ ልጁን እንዳቀፈች፣ ከንፈሯ በሳቅ ገለጥ ብሎ።

«እናትሽን» አለ አሸናፊ፣ «ስምንታችንም ተራ ይዘን ጸልየንላቸው፣ ከደጅ መለሷቸው።»