የዳለቻ መንጋጋ

ሣህሌ የዲንቄን የአጥር በር በእግሩ ገፍቶ ሲገባ ጦሩን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ይዞ ነበር። ውሻዋ ዳለቻ ከወይራው ግንድ ጋር በጠፍር ታስሮ ቆሟል። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ለሃጩ በረጅሙ ወርዶ መሬት ይነካል።

«ዘወር በይ፣ ዲንቄ» አላት። «ሕፃን ያለበት ቤት ነው።»

ዲንቄ ከውሻው ሁለት እርምጃ ርቃ ቁጢጥ ብላ ነበር፤ አልተነሣችም። ከኋላዋ፣ በጎጆው ደጃፍ ላይ፣ ለአራስነት ወደ እናቷ ቤት የመጣችው ልጇ ሎሚ ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች። ሣህሌን ያስጠራችው እሷ ናት። ከመንዝ የመጣ ወታደር ነው፤ የካ ተራራ ሥር መሬት ከተሰጠው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ውሻ አበደ ሲባል የአካባቢው ሰው የሚጠራው እሱን ነው።

«እማዬ፣ እባክሽ» አለች ሎሚ። «ሦስት ቀኑ እኮ ነው። እህል አልቀመሰም። ጠፍሩን ሊበጥስ ሲታገል አንቺም ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ዲንቄ ወደ ሣህሌ ዞረች። «አያ ሣህሌ፣ ያበደ ውሻ ውሃ ሲያይ ምን ያደርጋል?»

«ይሸሻል። ይሄን ማን ያጣዋል?»

ውሃ የያዘውን የእንስራ ገል ገፋ አድርጋ ወደ ውሻው አስጠጋችው። ዳለቻ አልሸሸም። አንገቱን ደፍቶ አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ሥር ነከረ፤ ምላሱ ግን አልታዘዘውም። ውሃው በአፉ ግራና ቀኝ ተመልሶ ፈሰሰ። ቀና ብሎ አለቀሰ። ከዚያ የፊት እግሩን አንሥቶ ጉንጩን ቧጠጠ፤ ደግሞ ቧጠጠ።

«እግሩን አየኸው?»

ሣህሌ አንገቱን ሰገግ አድርጎ የውሻውን እግር አየ።

«እሑድ ከላይ፣ ከቤተ መንግሥት፣ የግብር ድግስ ነበር» አለች ዲንቄ። «የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እንጦጦ ወጥቶ አጥንት ሲቆረጥም ነው የዋለው። ይሄም ሄዷል። እኔ የበግ ቅልጥም አልሰጠውም፤ ሲሰበር ይሾላል። ደጅ ያገኘውን ግን በምን ልከልክለው?»

«አንዴ ከነከሰሽ መድኃኒት የለውም።»

«አውቃለሁ።»

«አጥንት ባይሆንስ?»

«ያን ጊዜ አንተ አለህ። አሁን ግን ጦሩን አስቀምጥና ያዝልኝ። በፊቱ አትምጣበት፣ በጎኑ ና። ዓይን ዓይኑን አትየው። መጀመሪያ እጅህን ያሽትትህ።»

ሎሚ ሕፃኗን ይዛ ገባችና መዝጊያውን ዘጋችው። ሣህሌ የተዘጋውን በር አየ፤ ዲንቄን አየ። ጦሩን አጥሩ ላይ አስደገፈና በርከክ ብሎ እጁን ዘረጋ። ዳለቻ ለሃጩን እጁ ላይ እያንጠባጠበ አሸተተው፤ ጅራቱ አንድ ጊዜ ወዝወዝ አለ። ሣህሌ አንገቱን በክንዱ አቀፈና ጎኑን በጉልበቶቹ መሃል ያዘ። የውሻው ልብ በጋቢው በኩል ሲመታ ተሰማው።

ዲንቄ አውራ ጣት የሚያህል የወይራ እንጨት በመንጋጋው በኩል አጋደመችበት። ላም ስታልብ እንደምታደርገው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ ታናግረው ጀመር። ቀኝ እጇን አስገባች። አፉን አታይም፤ ዓይኗ ማዶ ካሉት ጥዶች ላይ ነው። ጣቷ ብቻ ይፈልጋል።

«አለ» አለች።

ላንቃው ላይ ተጋድሟል፤ ጫፍና ጫፉ ከግራና ከቀኝ መንጋጋው ጋር ተሰንቅሮ ድዱ አብጦበታል። ወደ ፊት ሳበችው፤ እንቢ አለ። ዳለቻ ተወራጨ። እንጨቱ ቀጭ ብሎ ተሰበረና ጥርሱ የእጇ አንጓ ላይ ወረደ።

ሣህሌ ወደ አጥሩ ዞረ። ጦሩ ሩቅ ነው።

«አትልቀቀው» አለችው፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ያዝ ብቻ።»

እጇን አላወጣችም። አጥንቱን ወደ ጉሮሮው በኩል ገፋ አደረገችው፣ ከዚያ ወደ ታች ጠመዘዘችው። ተነቅሎ መዳፏ ላይ ቀረ።

እንደ ትንሽ ጣት የሚረዝም፣ የጠቆረ ስባሪ ነበር። መሬት ላይ ጣለችው። ዳለቻ አፉን ገጠመ፤ ከፈተ፤ ደግሞ ገጠመ። ከዚያ ሣህሌ ሲለቀው ሄዶ ውሃው ላይ ተደፋ። በምላሱ እየጨለፈ ሲጠጣ ድምፁ ግቢው ውስጥ ተሰማ።

ሎሚ መዝጊያውን ገርበብ አድርጋ አየች። እናቷ አንጓዋን ታጥባለች፤ ደሙ በክርኗ በኩል ይወርዳል።

ሣህሌ እዚያው እንደተንበረከከ አጥንቱን ከመሬት አነሣው።

«የኔም ውሻ ጉንጩን በእግሩ ይቧጥጥ ነበር» አለ።

ዲንቄ መታጠቧን አቆመች። «ጥቁሩ?»

«ጥቁሩ። በሁለተኛው ቀን ነው የወጋሁት።»

አምና ነው፣ ከጾሙ በፊት። ያን ጊዜ የአካባቢው ሰው ሁሉ ደግ አደረግህ ብሎታል። እሷም ብላዋለች።

«እሱ አብዶ ሊሆን ይችላል» አለችው።

«ሊሆን ይችላል።» አጥንቱን መዳፉ ላይ አገላበጠው። «አጥንት ተሰንቅሮበት ስንት ቀን በሕይወት ይቆያል?»

«ውሃ በጨርቅ እያንጠባጠቡለት ከሆነ...» ብላ ጀመረችና ተወችው።

ከላይ፣ ከእንጦጦ በኩል፣ የተረኛ ወታደሮች መጥሪያ መለከት ተነፋ። ሣህሌ ሰማው። አልተነሣም።