ሠራተኛዋ ባዶ የእንቁላል ካርቶኑን የት ነበር የምትወስደው?

«ቦርሳሽን ክፈቺው...» አላት በለጠ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው። ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሠፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ በር ላይ... ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት።

በለጠ የቪላው ዘበኛ ነው። ወይንሸት ደግሞ የዚያው ቤት ሠራተኛ ናት። ሁለቱም የአገር ልጆች... ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል።

«ጋሽ በለጠ... ምን ሆኑ ዛሬ?»

«የማዳም ትእዛዝ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቦርሳዋ አብጦ ይወጣል፣ እየው ብላኛለች።»

ወይንሸት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ዚፑን ከፈተችው።

ውስጡ... ባዶ የእንቁላል ካርቶን። ባዶ የወተት ካርቶን። የውሃ ጠርሙስ ክዳኖች። ጥንዱ የጠፋ አንድ ካልሲ።

በቃ... ሌላ ምንም የለም።

«ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ምን ያደርግልሻል?»

«ለልጆች መጫወቻ እሠራበታለሁ።»

በለጠ «እሺ ሂጂ» ብሎ ነገሩን እዚያው መተው ይችል ነበር። ጠዋት ጠዋት ራሱ አውጥቶ የሚጥለው ቆሻሻ ነው...

ግን ገብቶ ያየውን በሙሉ ለቤቱ እመቤት ለማዳም ሁስና ነገራት።

«ዛሬ ካርቶን የወሰደች ነገ ወርቅ ትወስዳለች» አለች ማዳም። «እኔ ሳልፈቅድ ከቤቴ ምንም አይወጣም። ቅዳሜ እንዳትመጣ ንገራት።»

«ሃዲር» አለ በለጠ... እሺ ማለቱ ነው።

ደወለላት። «እንዳትመጪ ተብሏል።»

«እሺ» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

በለጠ ምንም አልተሰማውም።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ነገር ከተሰማው ቆይቷል። እዚያ በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። የእናቱን ሞት በስልክ የሰማ ዕለት እንኳ የማዳም መኪና ጥሩምባ ሲያሰማ... ስልኩን ኪሱ ከትቶ ተነሥቶ በሩን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሐዘኑም ደስታውም እኩል ሆነበት።

ሳምንት አለፈ። ማዳም የወይንሸትን የሥራ ልብስ በፌስታል አድርጋ ሰጠችው።

«ጣለው።»

የሰው ልብስ መጣል ከበደው። ጁምዓ፣ ዓርብ ማለት ነው፣ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ ፌስታሉን ይዞ ወደ ዴም ሄደ። የኛ ሰው የበዛበት ሠፈር ነው፤ ሁለት ሰው ጠይቆ ግቢዋን አገኘው።

በሩን ገፋ ሲያደርገው...

ልጆች።

ዘጠኝ ልጆች ወይንሸትን ምንጣፍ ላይ ከበዋታል። ትልቋ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው።

የእንቁላሉ ካርቶን ተቆራርጦ፣ በክር ተሰክቶ፣ ሲጎትቱት የሚሄድ አባጨጓሬ ሆኗል። የወተቱ ካርቶን አራት ክዳን ጎማ ተደርጎለት መኪና ሆኗል። ካልሲው ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት አሻንጉሊት ሆኗል... ዓይኗ በእስክሪብቶ ተሥሏል። ቁልፍ ቢሰፋላት ትንንሾቹ ነቅለው ይውጡታላ። ሙጫው እንኳ በውሃ የተፈላ ዱቄት ነው።

በለጠ ፌስታሉን እንደያዘ ቆመ።

«ያንቺዋ የቷ ናት?»

«አንዳቸውም የእኔ አይደሉም።»

«ታዲያ የማን ናቸው?»

«እናቶቻቸው ሰው ቤት ናቸው። ጁምዓም ይሠራሉ። እኔ ዕረፍት ስለሆንኩ እዚህ ይውላሉ።»

ከዚያ መቀሱን ከእጇ ሳታስቀምጥ፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ፣ ነገረችው...

«ልጅ ነበረችኝ። ህሊና። አራት ዓመቷ ነበር። የሚይዝልኝ ሰው ስላልነበረ ሥራ ስሄድ ቆልፌባት ነበር የምወጣው። አንድ ቀን ስመለስ በትኩሳት ነዳ፣ ጫማዬን አቅፋ ተኝታ አገኘኋት። መጫወቻ አልነበራትም... ጫማዬን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ልጄ ነው እያለች እሹሩሩ ስትለው ነበር የምትውለው። በሦስተኛው ቀን ሞተች።»

አላለቀሰችም። የጨረሰችውን መኪና አጠገቧ ላለችው ልጅ ሰጠቻትና ሌላ ካርቶን አነሣች።

በለጠ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ለማዳም የተናገርኩብሽ እኔ ነኝ» አላት።

«አውቃለሁ። በሩ ላይ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችለት...

«ይቀመጡ ጋሽ በለጠ። ያንን ምስማር ሻማው ላይ አግለው ክዳኖቹን ይብሱልኝ። ልጆቹን እሳት አላስነካም።»

ተቀመጠ።

በማግስቱ ለማዳም ሁስና የሰማውን ነገራት። ማዳም የሞተችውን ልጅ ዕድሜ ጠየቀችውና «ጥራት... ትመለስ» አለች።

ወይንሸት አልተመለሰችም። ሌላ ቤት ሥራ ጀምራ ነበር። «ይቅር ብያታለሁ ይበሏት። ካርቶኑን ግን አይጣሉብኝ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ካርቶኑን ጁምዓ ጁምዓ የሚያደርስላት በለጠ ሆነ። ማዳም እያወቀች...

አንድ ጁምዓ ሬሕማ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ፣ በለጠ የሠራላትን መኪና እንደያዘች ጭኑ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እናቷ ከሥራ እስክትመጣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም።

...

ወገኖቼ፣ የሰው ቦርሳ ውስጥ ያለውን ማየት ቀላል ነው... ለምን እንደያዘው መጠየቅ ነው የሚከብደን። «ታዝዤ ነው» ብለን የምናደርጋት ትንሽ ነገር የአንድን ሰው እንጀራ ልትዘጋ ትችላለች።

ልጆች ደግሞ ውድ ዕቃ አይሹም። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ካርቶን የሚቆርጥላቸው ሰው ይበቃቸዋል።

እናንተ በዚያች ሐሙስ በጋሽ በለጠ ቦታ በሩ ላይ ብትቆሙ... ለማዳም ትናገሩ ነበር ወይስ ዝም ብላችሁ ታሳልፏት ነበር? ከልባችሁ የሚመጣውን እስቲ ከታች ጻፉልኝ... ሁሉንም አነባለሁ።